ከዳኑ ወዲያ መመለስ

ጫማ ጠባቂነት የጀመርሁት ኢሕአዴግ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ደጃፍ ነው። አገር ረጋ ሲል ፈረንጅ መምጣት ጀመረ። ፈረንጅ ሲመጣ ጫማው አብሮት ይመጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በጫማ አይገባም። ስለዚህ እኔ ተፈለግሁ። መሬቴ ሁለት ጥማድ የማትሞላ ጭንጫ ነበረች፤ እሷም እኔም እርስ በርሳችን ተሰለቻችተን ነበር።

አለቃችን አያ ፈንታው ይባላሉ። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። በመጀመሪያው ቀን አንድም ጫማ አላስነኩኝም። «እዚያ ቁጭ በልና እይ» አሉኝ። ከጧት እስከ ማታ አየሁ። በሩ ሊዘጋ ሲል ጠሩኝና «ምን አየህ?» አሉ።

«ሰው ሲገባና ሲወጣ» አልሁ።

«ሰውን ማን እይ አለህ? ሰውን የሚያይ እግዜር ነው። አንተ እግር እይ!» አሉና በዱላቸው ቁርጭምጭሚቴን ነካ አደረጉኝ። በማግሥቱ እግር ማየት ጀመርሁ።

ሥራው ቀላል የሚመስለው ለማያውቀው ነው። ጫማ በጫማ ላይ አይነባበርም። ጥንድ አይለያይም። ማሰሪያ አይቋጠርም፤ ሰው የራሱን ቋጠሮ ነው የሚያውቀው። የመጣው ሁሉ በመጣበት ተራ ከቀኝ ወደ ግራ ይደረደራል፤ ፊተኛው ከቀኝ ዳር፣ ኋለኛው ከግራ ዳር። እንግዳው በአንዱ በር ገብቶ በሌላው የሚወጣ ከሆነ አስጎብኚው በዓይኑ ይጠቅስሃል፤ አንተም ጫማውን ተሸክመህ ትዞርና ሳይወጣ በፊት ያንኑ ተራ ጠብቀህ ትደረድራለህ። እንግዳ በካልሲው ቆሞ ጫማ ከጠበቀ ያ ቀን የሐፍረት ቀን ነው።

ማዕረግም ነበረን። ጀማሪው ተሸካሚ ነው። ከዚያ በር ያዥ፣ ከዚያ አለቃ። እኔ በስድስተኛው ዓመቴ በር ያዥ ሆንሁ። ሳላጋንን ልናገር፤ እሺ፣ ትንሽ ላጋንን፤ አርባ ጥንድ ጫማ ተቀብዬ ባለቤቶቹ ሲወጡ አንዱንም ሳልጠይቅ ለየእግሩ አስረክብ ነበር። የፈረንጁ እንኳ ይቅር፤ እሱ በየዓይነቱ ነው። የገበሬው የላስቲክ ኮንጎ ነው ልብ የሚያወልቀው። ሁሉም አንድ መልክ፣ ሁሉም አንድ ቀለም። እኔ ግን ሞፈር የሚከተለውን እግር ተረከዙ ካለቀበት ወገን አውቀው ነበር። «ሞገስ ጭንቅላቱ መዝገብ ነው» ይሉኛል፤ እኔም ደረቴን እነፋለሁ።

ያ መዝገብ የተበላሸው በአሥራ አምስተኛው ዓመት ግድም ነው። ጧት ጧት ራሴን ይወቅረኝ ጀመር። ሳልበላ ያስመልሰኛል። ባለቤቴ አበቡ ምሳ ስታቀርብልኝ አንድ ወገኑን ብቻ ጠርጌ እነሣለሁ። «ግራውን ወገን ለማን ነው የምትተወው? እንግዳ ጠርተሃል እንዴ?» ትለኛለች። ጨርሻለሁ ብዬ እከራከራታለሁ። እውነቴን ነበር፤ ለእኔ ትሪው ባዶ ነው።

አንድ ቀን አሥራ አራት እንግዶች መጡ፤ ሁሉም ሽማግሌና ባልቴት፤ ቁንጫ ፈርተው ካልሲያቸው ላይ ዱቄት የሚነሰንሱ ዓይነት። ተቀበልሁ፣ ደረደርሁ። ሲወጡ ለሰባቱ አስረከብሁ። ሰባቱ በካልሲያቸው ቆሙ።

«የቀረውስ?» አለኝ አስጎብኚው።

«አለቀ» አልሁት።

«እንዴት አለቀ? ያውልህ እኮ!» አለና በጣቱ አሳየኝ። ጣቱን ተከትዬ አየሁ፤ ድንጋይ ነው። ምንም የለም። ደሜ ፈላ። በዚያ ቀን ተሸካሚዬ ሲሳይ ነበር፤ አብሮኝ አሥር ዓመት የሠራ፣ ልጄን ክርስትና ያነሣ ሰው። አፌን ቁርጥማት ይቁረጠውና «ሲሳይ ነው የወሰደው! ሌባ!» ብዬ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በእንግዳ ፊት ጮህሁ።

አያ ፈንታው መጡ። ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ያዙና እንደ በሬ ወደ ግራ አዞሩኝ። ሰባት ጥንድ ጫማ ከየት መጣ ሳይባል ቁጭ ብሎ ታየኝ። እኔው በእጄ የደረደርሁት።

«ጠጥተሃል?» አሉኝ።

«እመቤቴን አልጠጣሁም» አልሁ። ሲሳይ ጫማዎቹን አንሥቶ ለእንግዶቹ አከፋፈለና ሳያየኝ ሄደ።

አበቡ ጠበል ወሰደችኝ። ሰባት ቀን ተጠመቅሁ። መንፈሴ ረጋ፤ ራሴ ግን መወቀሩን አልተወም። ከዚያ የከተማችን ሆስፒታል ሄድን። የዓይን ነርሷ ቁጡ ልጅ ነበረች፤ ወደድኋት። አፍንጫዋን እያየሁ እጇን ከግራ ከቀኝ እያወጣች «ይኸ ስንት ነው?» ትለኛለች። ከቀኝ ሁሉንም መለስሁ። ከግራ «እጅሽን አውጪ እንጂ» አልኋት። እጇ ወጥቶ ኖሯል።

«አያ ሞገስ፣ ዓይንዎ ደህና ነው። ችግሩ ከዓይንዎ ኋላ፣ ጭንቅላትዎ ውስጥ ነው። ዛሬውኑ ሪፈር እጽፋለሁ፤ አዲስ አበባ ይሂዱ። ነገ ተነገ ወዲያ አይበሉ» አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ደግሞ የደበቅሁት ከራሴ ነው።

በማግሥቱ አውቶቡስ ስሳፈር አንድ ሰው ከግራዬ መጥቶ ተቀመጠ። አላየሁትም። «አበቡ ለምናኝ ነው እንጂ ለአንተ ብዬ አይደለም» ሲል ድምፁን አወቅሁት፤ ሲሳይ ነው። እስከ ደሴ ድረስ ሳላየው አወራኝ። ሌባ ብዬ ያዋረድሁት ሰው ነው የሚሸኘኝ! እንባዬ መጣ፤ ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

አዲስ አበባ ሲቲ ስካን አስነሡኝ። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ዮናስ ይባላል፤ ገና ወጣት ነው፤ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልሞላም። ፎቶዬን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። ከኋላ በቀኝ በኩል ሎሚ የሚያህል ነጭ ነገር አለ።

«ጋሼ ሞገስ፣ ይህ ዕጢ ነው። ከአንጎል ሽፋን ነው የሚነሣ። ክፉው ዓይነት አይመስለኝም፤ ግን ቦታ ይዞ እየገፋ የግራውን እይታዎን ወስዶታል። ካላወጣነው ይገድላል» አለኝ።

«ከወጣስ?»

«ከወጣ ወደ ሥራዎ ሊመለሱ ይችላሉ። ሊሆን ይችላል ነው የምልዎት፤ ይሆናል አላልሁም።»

ደስ አለኝ። የማይዋሽ ሰው ነው አልሁ በልቤ። አበቡ፣ ብድን ለማርያም ጥላ ልታገባ መሳሏን በስልክ ነገረችኝ። እኔ ግን አልደብቅም፣ ፈራሁ። ጭንቅላቴ ሲከፈት ያ ሁሉ የሰው እግር፣ የልጆቼ ስም፣ የአበቡ መልክ ተዝረክርኮ የሚቀር መሰለኝ።

ለቀዶ ጥገናው ሦስት ቀን ተኛሁ። በግራዬ ያለው አልጋ ባዶ ነው ብዬ አምኜ ነበር። የሆነ ሰው «እንደምን አደርህ» ሲል እሰማለሁ፤ ከመስኮት ውጭ ይመስለኛል፤ አልመልስም። በአራተኛው ቀን ወሰዱኝ። ማደንዘዣው ሲያሸልበኝ «እመ ብርሃን፣ መዝገቡን ጠብቂልኝ» እንዳልሁ ትዝ ይለኛል።

ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት ሲሳይን ነው። በስሙ ጠራሁት። ቀጥሎ የልጆቼን ስም በየተራ ጠራሁ፤ አንድም አልቀረም። ሲሳይ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሁለት ቀን ቆይቶ ወደ ግራ ዞር ስል አንድ ጥቁር፣ ፊተ ሰፊ ሰው አልጋው ላይ ተቀምጦ በቁጣ ያየኛል።

«አንተ መቼ መጣህ?» አልሁት።

«መቼ መጣህ ትላለህ ደግሞ! ከአንተ በፊት ነው የተኛሁት። ሦስት ቀን ሙሉ እንደምን አደርህ ብልህ ዝም አልኸኝ። የላሊበላ ሰው ኩራቱ እንዲህ ነው ብዬ ተውሁህ» አለኝ።

አላየሁህም ነበር ብዬ ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ስፌቴ እየሳበኝ። ዎይ የዚያን ቀን ደስታ! ያ ባዶ የነበረ ወገን ሰው ወጣበት። ሰውዬው ታረቀኝ ይባላል፤ ኮን አጠገብ የሚኖር የዋድላ ገበሬ ነው። የእሱም ዕጢ እንደ እኔው ነው። ከእኔ በኋላ በሳምንቱ ተቀዶ ተረፈ።

ስንወጣ ዶክተሩ ሁለታችንንም ቁጭ አደረገን። «ዕጢው ከትልቅ ደም ሥር ጋር ስለተጣበቀ ትንሽ ቅሪት ትተናል። ያንተ ትንሽ ይበልጣል፣ ታረቀኝ። ሊያድግም ላያድግም ይችላል። በዓመት ተመለሱ» አለ። እሺ አልን። ሰው ከሆስፒታል ለመውጣት የማይለው እሺ የለም።

ላሊበላ ስገባ መጀመሪያ የሄድሁት ሲሳይ ቤት ነው። እሱ ከእኔ ቀድሞ ተመልሶ ነበር። እንደ አባቶቻችን ወግ ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ደጁ ላይ ተንበረከክሁ። «ሌባ ብዬሃለሁ፤ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ» አልሁ። ከውስጥ ሮጦ ወጥቶ ድንጋዩን ነጠቀኝ። «ተነሥ አንተ ቀውስ! ጭንቅላትህ ገና በክር ነው የተያዘ! ድንጋይ ተሸክመህ ልትሞትብኝ ነው?» አለኝ። ተሳሳምን። በሩን በሦስተኛው ወር ተረከብሁ።

በዓመቱ አልሄድም ብዬ ነበር። ድኛለሁ፣ እሠራለሁ፣ ምን ቀረኝ? አበቡ ግን ስንቄን ቋጥራ ከቤት አስወጣችኝ። ዶክተር ዮናስ ሲያየኝ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ጋሼ ሞገስ! መጡ?» አለ።

«ና ብለኸኝ የለም እንዴ?»

«እላለሁ እንጂ ማን ይመጣል!» አለና ፎቶ አስነሣኝ። ፎቶው ደህና ነበር፤ ቅሪቱ አልተነቃነቀም። ከዚያ አንድ ትልቅ መዝገብ አወጣ። ጥናት እያጠና ኖሯል። ከቀዶ ጥገና በኋላ ቅሪቱ በስንት ጊዜ ያድጋል? ማን ወደ እርሻው ተመለሰ? ማን ዓይኑ በራለት? ይህ ሁሉ በእኛ አገር ሰው ላይ አይታወቅም፤ ከውጭ አገር በመጣ መጽሐፍ ነው የሚገምቱት። ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ነው። ገጹን ሲገልጥልኝ ግማሹ ባዶ ነው።

«እናንተ ከዳናችሁ አትመጡም፤ ከሞታችሁም አትመጡም። ለእኔ ሁለቱም አንድ ባዶ መስመር ነው» አለኝ። «አለቆቼ የሚመለስ ሰው ከሌለ ጥናቱን እናጥፈው ብለዋል። ደጋፊዎቹም ተመላሽ ካላዩ አይደግፉም። እሱስ ይቅር። የኮኑ ታረቀኝ አልመጣም። ስልኩ አይሠራም። የሱ ቅሪት ያሳስበኛል። አገርዎ ነው፤ ይፈልጉልኝ።»

እንግዲህ ጉዳዩ ይህ ነው። ሰውዬውን ማምጣት አለብኝ። ካልመጣ ዓይኑ ይጠፋል፤ ከዚያ ነፍሱ።

ኮን በገበያ ቀን ወረድሁ። አላስቸገረኝም፤ የጤፍ ተራ ላይ ቆሞ ሲከራከር አገኘሁት። እንደ ነብር ጠንክሯል። እቅፍ አደረገኝና ጠላ ቤት ወሰደኝ። ነገሩን ሳነሣ ፊቱ ጠቆረ።

«ሞገስ፣ እኔ ለአሸተን ማርያም ጥላ ተስዬ ነበር። ዳንሁ። ተራራውን በእግሬ ወጥቼ ጥላዬን አገባሁ፣ እልል ተባለልኝ። ስለቴ ሰምሯል። አሁን ሐኪም ዘንድ ሄጄ ‹ድኛለሁ ወይ?› ብዬ ብጠይቅ እመቤቴን ‹አላመንሁሽም› ማለት አይደለም?»

«እንዲህ አይደለም ነገሩ...»

«እንዲህ ነው! አንተስ ስለት አልገባህም?»

«አበቡ አግብታልኛለች።»

«ታዲያ ለምን ሄድህ?» አለና አፈጠጠብኝ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም በልቤ እንደሱ ሳስብ ነበር፤ ሚስቴ ባትገፋኝ አልሄድም ነበር። ሌሎቹም የማይመለሱት ለካ በዚህ ነው። ሰነፎች ሆነው አይደለም። ስለቱን አግብቶ የጨረሰ ሰው ነገሩ ተዘግቶለታል። እንደገና መክፈት ነውር ነው። ባዶ እጄን ተመለስሁ፤ መንገዱን ሙሉ ተናደድሁ።

ለሲሳይ ነገርሁት። «አንተ ጫማ ጠባቂ ነህ፤ የስለት ነገር አንተን ማን ይሰማሃል? ስለቱን የተቀበሉትን አባት ጠይቅ» አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ሳይታየኝ ለሱ መታየቱ አናደደኝ፤ ግን ልክ ነው።

አሸተን ማርያም ወጣሁ። ያን አቀበት ጭንቅላቱ ለተሰፋ ሰው አልመክርም። አባ ገብረ ኢየሱስ ከዋሻው ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው፤ እርጅና ያጎበጣቸው፣ ከዓይናቸው ግን የሚያመልጥ ነገር የሌለ መነኩሴ ናቸው።

«አባቴ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ቁጭ በል፣ ትንፋሽህን ሰብስብ። የጫማው ሞገስ አይደለህ?»

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ስለ ዕጢው፣ ስለ ታረቀኝ፣ ስለ ባዶው መስመር። አላቋረጡኝም። ስጨርስ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ተናገሩ።

«ያን የዋድላ ሰው አስታውሰዋለሁ። ጥላውን ሲያገባ ምን ብሎ መሰከረ መሰለህ? ‹እመቤቴ በሐኪሙ እጅ አድራ አዳነችኝ› ነው ያለ። በሐኪሙ እጅ አድራ ካለ፣ ለዚያ እጅስ ምን አገባለት? ስለት ጥላ ብቻ ነው እንዴ? ምስክርነትም ስለት ነው።»

«እንዲህ ብዬ ልንገረው አባቴ?»

«አንተማ አትንገረው፤ አፍህ ይፈጥናል» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ እግዜር ይወቅ። «እኔ በማርያም ዕለት እናገራለሁ። ቀኖና ነው አልልም፤ ምክሬ ነው። ወደ ዋድላም ቃል እልካለሁ።»

በኅዳር ማርያም አሸተን ላይ ሕዝቡ ሲሰበሰብ ስለት ያገባው ሁሉ ወጥቶ መሰከረ። አባ ገብረ ኢየሱስ ብድግ አሉና «በሐኪም እጅ የዳናችሁ ልጆቼ፣ ለእመቤታችን ጥላዋን አገባችሁ፤ መልካም። ለሐኪሙ ደግሞ መዳናችሁን አሳዩት። ከእናንተ በኋላ ለሚታመመው መንገድ ይሆነዋል። ሄዶ መታየት ማመን እንጂ መጠራጠር አይደለም» አሉ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ከዚያ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌላውም ተከተላት።

ገና ሲቃረብ የጫማ ጠባቂዎች ማኅበራችንን ሰበሰብሁ። ያኔ አያ ፈንታው አርጅተው አለቅነቱን ለእኔ ለቀውልኝ ነበር። የገና ምእመን ከየአውራጃው ነው የሚመጣ፤ በየበሩ ጫማውን ለእኛ ይሰጣል። «ስንቀበል እንጠይቅ፤ ጭንቅላቱን ተቀዶ ያልተመለሰ፣ ወይም እንደ እኔ አንድ ወገኑ የጠፋበት ሰው ታውቃላችሁ ወይ እንበል» አልሁ።

«እኛ ጫማ ጠባቂ ነን ወይስ ጤና ጣቢያ?» አለ አንዱ። ሌላውም «ሟርት ይሆንብናል» አለ። ነገሩ ሊፈርስ ሲል ሲሳይ ተነሣ።

«ይህ ሰው ሌባ ሲለኝ ከጭንቅላቱ በሽታ እንጂ ከልቡ እንዳልሆነ ሐኪም ባይነግረኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ደመኛዬ ነበር። ስንቱ ቤት በዚህ ተጣልቶ ይሆን? እኔ እጠይቃለሁ። እናንተ ዝም በሉ ከፈለጋችሁ» አለ። ዝም ያለ አልነበረም። የሚመለሱት ሰዎች መሳፈሪያ ከገና ሳምንት ጉርሻችን እንዲሆንም ተስማማን፤ ሐሳቡን ያመጣው ያ ጤና ጣቢያ ነን ወይ ያለው ሰው ነው።

በዚያ ገና ቆቤን አውልቄ፣ ጠባሳዬን ገልጬ ከበሩ ደጃፍ ተቀመጥሁ። «ይህን የመሰለ ያለው አለ?» እላለሁ። ሰው ያማትባል፤ ከዚያ ይጠጋል፤ ከዚያ «አጎቴ» ይላል፣ «ጎረቤታችን» ይላል። አንዱ ጠባሳውን ይዞ መጣ፤ ብንጠይቀው በቅሎ የረገጠችው ሆኖ ተገኘ። እሱን በሰላም ሸኘነው። ሌሎች ሦስት ግን እውነተኛ ነበሩ፤ ሁለቱ ተቀደው ያልተመለሱ፣ አንዷ ገና ያልታየች፣ ከግራ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚያስደነግጣት የላስታ ሴት።

ታረቀኝ አልመጣም። በዓሉ አለፈ፤ ምእመኑ እየተበተነ ነው፤ ዓይኔ መንገድ ላይ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ጧት በር ስከፍት አንድ ሰው ስልቻውን አንግቦ ከደጃፌ ቆሟል።

«አባ ልከውብኝ ነው እንጂ ለአንተ ብዬ አይደለም» አለኝ። ከእኔ ጋር የሚጓዝ ሁሉ ይህን ቃል ነው የሚለኝ። ሳቅሁና አቀፍሁት።

አምስት ሆነን ሄድን። ዶክተር ዮናስ በር ላይ ሰልፍ ሆነን ሲያየን መጀመሪያ ለጥል የመጣን መስሎት ነበር። አንድ በአንድ አስነሣን። የእኔ ደህና። የሁለቱ ደህና። ሴትዮዋ ዕጢ ተገኘባት፤ ገና ትንሽ ነው፣ በቶሎ ተደረሰበት። የታረቀኝን ፎቶ ሰቀለና ጠጋ ብሎ አየው።

«አድጓል» አለ።

«ምንም አላመመኝም እኮ!» አለ ታረቀኝ። ድምፁ እንደ ልጅ ሆነ።

«ገና ስላልደረሰ ነው። ከደረሰ በኋላ ብትመጣ እጄ ያጥር ነበር። አሁን ግን ይወጣል» አለው።

በሳምንቱ ተቀደደ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ከጧት እስከ ከሰዓት ተቀመጥሁ። አልጸለይሁም፤ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልሁም። ይህን ሰው ከጤፍ ተራው ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ቢሞት ለሚስቱ ምን እላለሁ? ይህን ብቻ ደጋግሜ አሰብሁ። ዶክተሩ ቆቡን አውልቆ ወጣ።

«ወጥቷል። በዚህ ጊዜ ምንም አልቀረም» አለኝ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥሁና አለቀስሁ። ጎልማሳ ሰው በሰው ፊት እንደ ሕፃን! አላፈርሁም። ከደረቴ ላይ ወፍጮ የተነሣ ያህል ቀለለኝ።

ጥናቱ አልታጠፈም። አለቆቹ የእኛን ሰልፍ ሰምተው ለዶክተሩ አንድ ጸሐፊ ጨመሩለት። በየዓመቱ ከገና በኋላ የሚሄድ አንድ ቡድን ነበረን፤ እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ ከኔ በኋላም ሲሳይ ይዞት ሄደ። ያቺ ሴትም ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ድናለች፤ ዛሬ ከግራ ብትመጣባት አትደነግጥም፤ ሞክሬያታለሁ።

ያን የቀዶ ጥገናውን ዕለት ታረቀኝ ከማደንዘዣው ሲነቃ አጠገቡ ነበርሁ። ዓይኑን ገለጠ፣ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ እኔ ላይ አሳረፈው። ከንፈሩ ደርቋል። ጆሮዬን ጠጋ አደረግሁለት።

«ሞገስ» አለኝ፣ «የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው?»

ለእናንተ ለዛሬዎቹ በር ያዦች የምተወው ይህን ነው። የታከመ ሰው በቀጠሮው ቀን ይመለስ። ቢያመውም ይመለስ፣ ደህና ቢሆንም ይመለስ። መዳኑን ሌላ ሰው ካላየለት ከኋላው ለሚመጣው ሕመምተኛ አይጠቅምም።